ራስጌና ግርጌው የጠፋበት ድረ ገጽ

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደወለልኝ። አንድ ዶርም ውስጥ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ አሁን መምህር ነው። ዓይነ ሥውር ነው። ጽሑፍ የሚያነበው ኮምፒውተሩ ላይ በጫነው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ በሚቀይር ፕሮግራም ነው።

«ጽሑፍህ ወጣ ሲሉኝ ከፈትኩት» አለኝ። «ግን አንተ፣ ምን ነክቶህ ነው? አማርኛህን ኮምፒውተሬ በፈረንጅ አፍ ይንተባተብብኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር አልሰማሁም።»

ሳቅኩ። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ መስሎኝ ነበር። «ሌሎች የአማርኛ ገጾችንስ እንዴት ያነብልሃል?» ስለው «አንዳንዱን ጥሩ አድርጎ ያነበዋል፣ አንዳንዱን እንዳንተው ያበላሸዋል» አለኝ። ያን ጊዜ ሳቄ ቆመ። ምክንያቱም ያንን የዜና ድረ ገጽ የሠራሁት እኔው ነኝ። የዘመኑ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ እንጀራ እንደምታውቁት ነው፤ ዜና ትጽፋለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ ዌብሳይትም ትሠራለህ።

ማታውኑ ገጹን ከፍቼ ከጀርባ ያለውን ኮድ አየሁ። ከሁለተኛው መስመር ላይ «የዚህ ገጽ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በአማርኛ በተጻፈ እያንዳንዱ ዜና አናት ላይ፣ እኔ የሠራሁት ገጽ ይህን ውሸት ሲናገር ኖሯል። ለማስተካከል የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ውድ የዚህ ቻናል ተከታታዮች፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ወይም ደግሞ ስለ ፖለቲካ ነው የምጽፈው፤ መጨረሻ ላይ እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። ድረ ገጽ ስትከፍቱ የምታዩት ቀለም፣ ፎቶና ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ኤችቲኤምኤል የሚባል የምልክት ቋንቋ ነው። ሥራው ማሳመር አይደለም። ሥራው ለእያንዳንዱ ነገር ማንነቱን መናገር ነው፦ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዋናው ጽሑፍ ነው፣ ይህ የጎን ማስታወቂያ ነው። ማሳመሩ የሌላ ቋንቋ ድርሻ ነው።

አብዛኞቹ ድረ ገጾቻችን ከባዶ አይሠሩም። የሚሠሩት «ቴም» ከሚባል የተዘጋጀ መዋቅር ተነሥተው ነው። ከዓለም ድረ ገጾች ከአሥሩ ከአራት በላይ የሚሆኑት በዎርድፕረስ የተሠሩ ናቸው፤ ዎርድፕረስ ደግሞ ያለ ቴም አይቆምም። ከቴሞች መካከል «ስታርተር ቴም» የሚባል ዓይነት አለ። ይህ ገና ማገሩ የቆመ፣ ምርጊት ያልነካው ቤት ማለት ነው። ቀለም የለውም፣ ጌጥ የለውም። ራስጌው የት እንደሆነ፣ በሩ የት እንደሆነ፣ ግርጌው የት እንደሆነ ግን በትክክል ተለይቷል። የቀረው የባለቤቱ ሥራ ነው።

ከእነዚህ በጣም የታወቀው፣ አውቶማቲክ የተባለው ኩባንያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ያሰራጨው «አንደርስኮርስ» ነው። እኔም ያንን ድረ ገጽ የሠራሁት ከእሱ ተነሥቼ ነው። ከጓደኛዬ ስልክ በኋላ ማገሩን እንደገና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ለራስጌው የተሰጠው ስም «ማስትሄድ» ነው፤ ለግርጌው ደግሞ «ኮሎፎን»። ሁለቱም ከኅትመት ዓለም የመጡ ቃላት ናቸው። ማስትሄድ የጋዜጣው ስም በትልቁ የሚታተምበት የፊት ገጽ አናት ነው። ኮሎፎን ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳሳተመው፣ የት እንደታተመ የሚነገርበት የመጽሐፍ መደምደሚያ ነው። ይህ ባዶ ማገር ለጋዜጠኛ ጥያቄ እየጠየቀ ነበር። እኔ ጋዜጠኛው ግን አንዱንም ሳልመልስ ቀለም ቀብቼ አስረከብኩ።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በምን ቋንቋ ነው የምትናገረው?

ማገሩ በሁለተኛው መስመር ላይ የገጹን ቋንቋ የሚናገር ቦታ አለው፤ «ላንግ» ይባላል። ዎርድፕረስ ይህን የሚሞላው ድረ ገጹ ሲጫን ከተመረጠው ቋንቋ ነው። አብዛኞቻችን የምንጭነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ገጹ ራሱን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ብሎ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ሺህ የአማርኛ ዜና ብንጭንበት እሱ በአቋሙ ይጸናል።

«ፊደሉን አይቶ አይገባውም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ፊደሉ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ፊደል አማርኛም፣ ትግርኛም፣ ግዕዝም ይጻፋል። «ሐ»ን ብቻ ውሰዱ፤ አማርኛ ተናጋሪ ከ«ሀ» ሳይለይ ያነበዋል፣ ትግርኛ ተናጋሪ ግን ከጉሮሮው አውጥቶ ይለየዋል። አንባቢው ድምፅ የትኛውን ቋንቋ እንደሚያነብ ካልተነገረው በምን ያውቃል? ለአማርኛ የተመደበው መለያ ሁለት ፊደል ነው፤ ለትግርኛም የራሱ አለው። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር አብሮት የሚመጣው ድምፅ አማርኛን ማንበብ ይችላል። እኛ ግን «እንግሊዝኛ ነው» ብለን ስንነግረው አምኖን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይራል። መሣሪያው አልጠፋም፤ ያጠፋነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የዛሬው ርዕስህ የቱ ነው?

ማገሩ እዚህ ላይ የሚያደርገውን ነገር ማንኛውም የድሮ የጋዜጣ አዘጋጅ ቢያየው ደስ ይለዋል። የዜናዎች ዝርዝር በሚታይበት መነሻ ገጽ ላይ አንደኛ ደረጃ ርዕስ የሚሆነው የጋዜጣው ስም ነው፤ የዜናዎቹ ርዕሶች ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። አንድ ዜና ስትከፍቱ ግን የጋዜጣው ስም ዝቅ ብሎ ተራ መስመር ይሆናል፣ አንደኛነቱን ለዜናው ርዕስ ይለቃል። አሳታሚው ለዜናው ቦታ ይለቃል ማለት ነው። ጓደኛዬ በኪቦርዱ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ጋዜጣውን የሚቃኘው በዚህ ደረጃ ነው፤ እኔና እናንተ በዓይናችን እንደምናደርገው ማለት ነው።

እኛ ምን እናደርጋለን? ርዕሱን አጉልተን፣ ቀይ ቀለም ቀብተን፣ ለማሽኑ ግን ተራ ሳጥን ብለን እንተወዋለን። «ዲቭ» የሚባል ትርጉም የሌለው ሳጥን አለ፤ በጎታችና ለጣፊ ፕሮግራም የተሠሩ ገጾች ውስጥ ሳጥን በሳጥን ውስጥ፣ እንደገና በሳጥን ውስጥ ታገኛላችሁ፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ለጆሮ ግን ምንም አይደለም።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቀይ ቀለም የሚነክሩት ገጹ እንዲያምር ብቻ አልነበረም። የምዕራፍ መጀመሪያና የቅዱሳን ስም በቀይ ሲጻፍ ቀለሙ ትርጉም ነበረው። ትርጉም የሌለው ቀይ የእኛ ዘመን ፈጠራ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ አንባቢህ የመጣው ለምንድን ነው?

በማገሩ ላይ ከሁሉ በፊት «ወደ ይዘቱ ዝለል» የምትል የተደበቀች ማስፈንጠሪያ አለች። በዓይን አትታይም። ኪቦርድ ብቻ የሚጠቀም ሰው «ታብ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ብቅ ትላለች፤ ተጭኗት ሜኑውን ሁሉ አልፎ ዋናው ጽሑፍ ላይ ይደርሳል። ዋናው ጽሑፍ ያለበት ክፍል «ሜይን» ይባላል፤ የጎን ማስታወቂያው «አሳይድ»። በማገሩ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ሜይን ይመጣል፣ አሳይድ ይከተላል። እንግዳ ለቀረበለት ምግብ እንጂ ለግድግዳው ፎቶ አይመጣምና።

እኛ ግን ማስፈንጠሪያዋን «ምን ታደርጋለች?» ብለን እንሰርዛታለን። ከዚያ በላይ የሚሽከረከር ፎቶ፣ ከሱ ሥር ብልጭ ድርግም የሚል ማስታወቂያ፣ ከዚያ «ፌስቡካችንን ላይክ ያድርጉ» እናስቀድማለን። ዜናው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ዓይነ ሥውሩን ብቻ የሚጎዳ አይምሰላችሁ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ፣ በትንሽ ጥቅል ዜና ለማንበብ የከፈተ ወጣት ጥቅሉ የሚያልቀው ፎቶው ሲሽከረከር ነው።

አራተኛው ጥያቄ፦ ይህ የሆነው መቼ ነው?

የወቅታዊ ጉዳይ ተከታታዮች ከሁሉም በላይ ይህን ልብ በሉልኝ። ማገሩ ውስጥ እያንዳንዱ ዜና የታተመበት ቀን «ታይም» በሚባል ምልክት ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ምልክት ሁለት አፍ አለው። አንዱ ለሰው የሚታየው ነው፤ ሌላው ለማሽን የሚነገረው ነው። ለሰው «መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብለህ መጻፍ ትችላለህ፤ በዚያው ምልክት ውስጥ ለማሽኑ 2024-09-11 ትለዋለህ። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንድ ቀን ናቸው። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል?

አለመጠቀማችን ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ ላሳያችሁ። «በ2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ» የሚል ርዕስ አስቡ። በኦክቶበር 2016 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ መስከረም 2009 መጨረሻ፣ በኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ የነበረውን ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለአራት ወራት አራዘመ። አንድ ቁጥር፣ አንድ ርዕስ፣ ሁለት የተለያየ ዘመን፣ ሁለት የተለያየ ሁኔታ። ቀኑ በግልጽ ያልተቀመጠበት የድሮ ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ «ሰበር» ተብሎ ሲዞር ስንት ጊዜ አይታችኋል? ለዚህ ሁልጊዜ የሚወቀሰው የሚያጋራው ሰው ነው። ቀኑን በሚገባ ሳያስቀምጥ ያተመውስ?

አምስተኛውና የመጨረሻው ጥያቄ፦ አንተ ማነህ?

ይህ የግርጌው፣ የኮሎፎኑ ጥያቄ ነው። ስታርተር ቴሙ ባዶ እንዳይሆን ብሎ እዚያ ቦታ ላይ «በዎርድፕረስ የተሠራ» የሚልና የቴሙን ስም ከሠሪው ስም ጋር የሚጠቅስ መስመር ያስቀምጣል። ይህ ቦታ መያዣ ነው፤ የተቀመጠው እንዲቀየር ነው። እስቲ ዛሬ ማታ የምትከታተሏቸውን የዜና ድረ ገጾች ወደ ታች እስከ መጨረሻው ውረዱ። ዋና አዘጋጁ ማን ነው? አድራሻው የት ነው? ስሕተት ቢያገኙ ለማን ይጻፋል? በብዙዎቹ የምታገኙት የመሣሪያውን ስም ነው። ወረቀት ጋዜጣ ላይ አሳታሚ፣ ዋና አዘጋጅ፣ አድራሻና ማተሚያ ቤት የሚጻፍባት ትንሽ ሳጥን ነበረች። እሷን ሳጥን ጥለን የማተሚያ ማሽኑን ስም ብቻ አስቀረን። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ስሙን የማይናገር ሚዲያ በሞላበት አገር ግርጌው ባዶ መሆኑ የቴክኒክ ጉድለት ብቻ አይደለም። ተጠያቂነት የሚጀምረው ከዚያች መስመር ነው።

አሁን የሚነሡ መቃወሚያዎችን ላንሳ። አንዱ «ሰው የሚያነበው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው፣ ድረ ገጽ ማን ይከፍታል?» ይላል። ይህን ቴሌግራም ላይ የምጽፍ እኔ ልክድ አልችልም። ነገር ግን ቻናሉ የሰው ቤት ነው፤ ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ ውጪ እንቀራለን። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ወይም ጠበቃ «በዚያ ሳምንት ምን ተጻፈ?» ብሎ ሲፈልግ የሚያገኘው ድረ ገጽ ላይ የቀረውን ነው።

ሌላው «አገሩ ስንት ችግር እያለበት አንተ ስለ ሳጥንና ምልክት ታወራለህ» ይላል። እስማማለሁ፤ ችግሩ ብዙ ነው። ግን ይህ በጀት የማይጠይቅ ችግር ነው። ማገሩ በነፃ ተሰጥቷል፣ በሩም ተከፍቷል። እኛ የምንደክመው የተከፈተውን ለመዝጋት ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። አንቀጽ 21 መንግሥታት መገናኛ ብዙኃንን፣ በኢንተርኔት መረጃ የሚያቀርቡትንም ጨምሮ፣ አገልግሎታቸውን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲያደርጉ ሊያበረታቱ ይገባል ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ደረጃ ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት ስናይ «ዊልቸር የሚጠቀም ሰው በምን ይገባል?» ብለን እንጽፋለን። ያንን የምንጽፍበት ገጽ ራሱ መግቢያ የለውም።

ሦስተኛው «ይህ የእኛ ብቻ ችግር ነው እንዴ?» ይላል። አይደለም። በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዌብኤይም በየዓመቱ የ1 ሚሊዮን ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ ይፈትሻል። በ2024 እ.ኤ.አ. 95.9 በመቶ በሚሆኑት ላይ የተደራሽነት ስሕተት አግኝቷል። ከስድስቱ አንዱ ያህል ቋንቋውን ጨርሶ አይናገርም። ነገር ግን የእኛ ስሕተት ከዚህም ይብሳል። የእኛ ገጽ ቋንቋውን ይናገራል፤ ውሸት ነው እንጂ። ፈታሹ ማሽን ደግሞ «ቋንቋ ተጠቅሷል» ብሎ ያሳልፈዋል። ይህን ስሕተት ሊይዝ የሚችለው አማርኛ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ፈረንጅ መጥቶ አያስተካክልልንም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ዌብሳይት ለምታሠሩ የሚዲያ ባለቤቶች፣ ቢሮዎችና ማኅበራት፦ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቋንቋው አማርኛ ተብሎ ተቀምጧል ወይ? በዎርድፕረስ ሴቲንግ ውስጥ ጀነራል የሚለው ላይ አንድ ምርጫ ነው። ሁለተኛ፣ ዜናው ሲከፈት አንደኛ ደረጃ ርዕሱ የዜናው ርዕስ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ ታብ ቁልፍን ስንጫን ወደ ዋናው ጽሑፍ የሚያዘልል ማስፈንጠሪያ ይመጣል ወይ? አራተኛ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይታወቃል ወይ? አምስተኛ፣ ግርጌው ላይ የኃላፊው ስምና አድራሻ አለ ወይ? ሠሪው አንዱን እንኳ «አይቻልም» ካላችሁ ሌላ ሠሪ ፈልጉ፤ ሁሉም ይቻላል።

እንደ እኔ ለእንጀራ ዌብሳይት ለምትሠሩ፦ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ማገሩን አንብቡት። የሚሰርዙት ነገር ለምን እንደተቀመጠ ሳያውቁ መሰረዝ ምሰሶ መንቀል ነው።

ጓደኛዬን ያስተካከልኩ ዕለት ደወልኩለትና «እስቲ እንደገና ክፈተው» አልኩት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ አሰማኝ። የማሽኑ አማርኛ ደረቅ ነው፣ ማጥበቅና ማላላት አያውቅም፤ ግን አማርኛ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ዝም አለና «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያልከው ግን ልክ አይደለም» ብሎ ይከራከረኝ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በሁለት ዓመት ውስጥ ጽሑፌን አንብቦ የሞገተኝ የመጀመሪያ ቀን ነበር።

የጥንት ጸሐፊዎቻችን መጽሐፋቸውን ሲጨርሱ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረት ይለምኑ ነበር። የሚሰማውን አልረሱትም። የብራናቸው ግርጌ ለእሱም ቦታ ነበረው።

የእናንተ ገጽ ግርጌ ላይ ምን ተጽፏል? አይታችሁ ጻፉልኝ።

ቸር እንሰንብት።